ጆሮ ቀጠሮ አይጠብቅም

ለዚህ ሳምንት ስለ ተማሪዎቻችን የእጅ ጽሕፈት ለመጻፍ አስቤ ወረቀቴን ዘርግቼ ሳለሁ አንድ ወዳጄ በሩን አንኳኳና ሐሳቤን አስጣለኝ። ይህ ወዳጄ እዚህ አርባ ምንጭ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ፤ እርሱም መምህር ይለኛል። ከሲቀላ እስከ ሴቻ ያለውን አቀበት የአራት ዓመት ልጁን በእጁ ይዞ የወጣው አንድ ማመልከቻ እንዳርምለት ነበር። ማመልከቻው ለመሥሪያ ቤቱ የሚቀርብ የደመወዝ ብድር ጥያቄ ነው። ምክንያቱ በሦስተኛው መስመር ላይ ሰፍሯል። «ልጄ ደንቆሮ ስለ ሆነችብኝ» ይላል።

ብዕሬን አንሥቼ በዚያ ቃል ላይ ቆምሁ። አማርኛችን በብዙ ነገር ርኅሩኅ ቋንቋ ሆኖ ሳለ በዚህ ቃል ላይ ግን ጨካኝ ነው። የማይሰማውንም የማያውቀውንም በአንድ ከረጢት ከትቶ ደንቆሮ ይላቸዋል። ክፍል ውስጥ ተማሪውን ለመስደብ ይህን ቃል የሚመዝ መምህር ጥቂት አይደለም፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ እንደ ነበርሁ መናዘዝ አለብኝ። ነገር ግን ልጅቱ ከበሽታው ያገኘችው የመጀመሪያውን ትርጉም ብቻ ነው። ሁለተኛውን፥ አለማወቁን፥ የምንጨምርላት እኛ ነን፤ የምንጨምርላትም ዓመታቱን በከንቱ በማሳለፍ ነው። የዛሬው ጽሑፌ ስለ እነዚህ ዓመታት ነው።

ልጅቱ ስትወለድ ትሰማ ነበር። በአንድ ዓመቷ እማማ፥ ውሃ፥ እምቢ የሚሉትን ቃላት ታውቅ ነበር፤ እምቢን ከሁሉም አስቀድማ እንደ ለመደች አባቷ እየሳቀ ይናገራል። በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፥ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት፥ ብርቱ ትኩሳት ያዛት፤ አንገቷም ደረቀ። የማጅራት ገትር ነበር። ሐኪሞቹ ታግለው ነፍሷን አተረፉላቸው፤ ቤቱም ደስ አለው። ከሆስፒታል በወጣች በሁለተኛው ሳምንት እናቷ ከበስተኋላዋ ሆና ብትጠራት አልዞረችም። ሁለተኛ ብትጠራትም አልዞረችም። ኩርፊያ ነው፥ ሕመሙ አልለቀቃትም፥ መርፌውን ስለ ፈራች ነው እያሉ ወራት አለፉ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ተልካ በመሣሪያ በተመረመረች ጊዜ ወሩ ግንቦት ሆኖ ነበር። ሁለቱም ጆሮዎቿ አይሰሙም፤ ድምፅ የሚያጎላው ተራ የመስሚያ መርጃም አይበቃትም ተባለ። የቀረው አንድ መንገድ ነበር። ስሙንም ሐኪሙ በወረቀት ጻፉለት፤ ኮክሊያር ኢምፕላንት።

ይህ መሣሪያ ምን እንደ ሆነ ባጭሩ ላስረዳ። ውስጠኛው ጆሯችን እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠማዘዘ ነው። በውስጡ ጠጉር የሚመስሉ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ፤ ሥራቸውም የድምፁን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ለውጠው ለነርቩ ማቀበል ነው። እነዚህ ሕዋሳት ከሞቱ ዳግመኛ አይበቅሉም። የመስሚያ መርጃ ድምፁን ያጎላል እንጂ የሚቀበል ሕዋስ ከሌለ ማጉላቱ ምን ይጠቅማል? ኢምፕላንቱ ግን ሕዋሳቱን አልፎ ነርቡን ራሱን ያናግረዋል። ከጆሮ በስተኋላ የሚንጠለጠለው ክፍል ፕሮሰሰር ይባላል፤ ድምፁን ተቀብሎ ይተረጉመዋል። በማግኔት ራስ ላይ የሚለጠፍ ክብ ነገር ደግሞ መልእክቱን በቆዳው በኩል ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። በቀዶ ጥገና የተቀበረው ክፍል ተቀብሎ በቀጭን የኤሌክትሮድ ገመድ አማካይነት ወደዚያ ወደ ቀንድ አውጣው ያደርሰዋል።

ሐሳቡ የአንድ ቀን ሥራ አልነበረም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1957 በፓሪስ አንድሬ ዡርኖና ሻርል ኤሪየስ የተባሉ ሁለት ሰዎች የአንድ መስማት የተሳነው ሰው ነርቭ በኤሌክትሪክ ድምፅ መሰል ነገር እንዲሰማው አደረጉ። በ1961 በሎስ አንጀለስ ዊሊያም ሀውስ ተከተለ። በአውስትራሊያ ደግሞ ግሬም ክላርክ የተባለው ሐኪም፥ የመድኃኒት ቀማሚ የነበረው አባቱ ጆሮው ከብዶት ከደንበኞቹ ጋር ሲቸገር እያየ ያደገ ሰው፥ ብዙ ኤሌክትሮድ ያለውን መሣሪያ በ1978 በሜልቦርን ተከለ። አሜሪካ ሁለት ዓመት ለሞላቸው ሕፃናት የፈቀደችው በ1990 ነው። ዛሬ በሀብታሞቹ አገሮች አንድ ዓመት ሳይሞላቸው የሚተከልላቸው ሕፃናት አሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከሚሰሙት እኩዮቻቸው ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጠው ይማራሉ።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ የነገሩት ሐኪም አንድ ነገር ደጋግመው አሳስበውታል፤ እኔም ለአንባቢዬ ላሳስብ። ይህ መሣሪያ እንደ ሬዲዮ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ቤት የሚገባ ዕቃ አይደለም። ቁስሉ ከዳነ በኋላ፥ ከቀዶ ጥገናው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፥ ይከፈታል፤ በተከፈተበት ቀን ልጁ የሚሰማው ንግግር ሳይሆን ለርሱ ትርጉም የሌለው ጩኸት ነው። ከዚያ ወዲያ ባለሙያው የእያንዳንዱን ኤሌክትሮድ ኃይል ለልጁ እየለካ ያስተካክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት መመላለሱ ብዙ ነው። የንግግር አሠልጣኝ ያስፈልጋል። ባትሪ ያስፈልጋል፤ የሚጣለው ዓይነት በጥቂት ቀን ያልቃል፥ የሚሞላው ዓይነት በየቀኑ መብራት ይፈልጋል። ገመዱ ይበጠሳል፥ ላብና እርጥበት ይገባበታል፤ ውጭ ያለው ፕሮሰሰርም ከዓመታት በኋላ ይለወጣል። የአርባ ምንጭን የየካቲት ሙቀት የሚያውቅና መብራት በመጣ ቁጥር ስልኩን ለመሰካት የሚሽቀዳደም ሰው የዚህን ነገር ክብደት ሳልነግረው ይረዳዋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ ብዙዎቻችሁ ደመወዝተኞች ናችሁና። በሀብታም አገር መሣሪያው ብቻ፥ ያለ ቀዶ ጥገናው፥ ከ20,000 ዶላር በላይ ይጠይቃል። በርካሽ የሚገኝበት መንገድ አለ፤ ለሒሳባችን ግን ይህን ቁጥር እንያዝ። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ስለዚህ 20,000 ዶላር ማለት 1,140,000 ብር ማለት ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ለቀቀው፤ በሳምንታት ውስጥም ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ከ140 ብር በላይ ሆነ። በ140 ብናባዛው 2,800,000 ብር ነው። ዲግሪ ይዞ አዲስ የሚቀጠር የመንግሥት ሠራተኛ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መነሻ ደመወዙ 11,500 ብር ሆኗል። ግብር ሳይከፍል፥ ሳይበላ፥ የቤት ኪራይ ሳይሰጥ ደመወዙን ሁሉ ቢያጠራቅም ገንዘቡ የሚሞላለት ከሃያ ዓመት ከሦስት ወር በኋላ ነው። ይህን ስሌት ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ ሰጥቻቸው ነበር። አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ፥ «ቲቸር፥ እስከዚያ ልጅቷ ታገባለች እኮ» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ መልሱ ግን ትክክል ነበር።

ስለ ምንዛሪው መለቀቅ ጥቅምና ጉዳት የሚከራከሩ ሊቃውንት አሉ፤ እኔ በዚያ ውስጥ አልገባም። እኔ የማውቀው በአንድ ቤት የደረሰውን ነው። ወዳጄ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ሲሯሯጥ ነበር። ቤተ ሰቡ ከጨንቻ ደጋ የመጣ የሸማኔ ዘር ነው፤ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሚሠሩ አጎቶቹ ከሽያጫቸው አዋጡ፥ እርሱም ሁለት ዕቁብ ገባ። የዕድሩ ሰዎች ለሐምሌ መጨረሻ የመዋጮ ቀን ቆርጠውለት ነበር። ሐምሌ 15 ቀን በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ተራራው ተንዶ ከሁለት መቶ የሚበልጥ ሰው ቀበረ። ጎፋና ጋሞ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አንድ ዞን የነበሩ ወንድማማቾች ናቸው፤ የዕድሩም መዋጮ ወደዚያ ዞረ። ወዳጄ ራሱ ከኪሱ ጨምሮ ሰጠ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ የምንዛሪው ዜና መጣ። ያጠራቀመው ብር አንድ ሳንቲም ሳይጎድል በባንክ እንደ ተቀመጠ ግማሹ ያህል ጠፋ። «መምህር፥ ሌባ ቢሰርቀኝ ኖሮ ፖሊስ ጣቢያ እሄድ ነበር» አለኝ።

የገንዘቡ ችግር አንድ ነገር ነው፤ የበሽታው ዘመን ደግሞ ሌላ በር ይዘጋል። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ኮሮና ወደ አገራችን የገባ ጊዜ እኔ የኮሌጅ ተማሪ ነበርሁና መጻሕፍቴን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ያን ጊዜ በዓለም ዙሪያ ቀጠሮ የሚያዝላቸው ቀዶ ጥገናዎች እንዲቆዩ ተደረገ፤ ለነፍስ የማያሰጋው ሁሉ ይቆይ ተባለ። የጆሮ ተከላም ከሚቆዩት ውስጥ ተመደበ፤ ከጆሮ ጀርባ ያለውን አጥንት በመሰርሰሪያ መቦርቦር የሚጠይቅ ስለ ሆነ የሚረጨው ብናኝ ለሐኪሞቹም ያሰጋ ነበር። ይህ ብቻ አይደለም። አፍና አፍንጫችንን በጨርቅ ስንሸፍን የከንፈርን እንቅስቃሴ እያዩ ነገር የሚረዱት ሰዎች ዓይናቸውም ጭምር ተዘጋ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ትምህርቱ በሬዲዮ ሲሰጥ መስማት የተሳነው ልጅ ምን ይማር? ይህን ያን ጊዜ የጠየቀ ሰው ካለ እኔ አልሰማሁም፤ እኔ ራሴም አልጠየቅሁም።

በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ኅዳር 5 ቀን፥ እዚሁ ክልላችን ውስጥ በጂንካ የማርበርግ በሽታ መግባቱ ተነገረ። ጂንካ ለአርባ ምንጭ ሩቅ አይደለችም፤ በመናኸሪያው በየዕለቱ ሰው ይመላለሳል። ሰው መጨባበጥ ተወ፤ ሆስፒታል መግባትም አስፈራ። የወዳጄ ሚስት ልጅቱን ለክትትል ይዛ እንድትሄድ የተነገራት በዚያው ሰሞን ነበር፤ አልሄደችም። እኔ አልፈርድባትም። ሆስፒታል ገብታ ልጅዋን ከሞት ያወጣች፥ ጆሮዋን ግን ያጣችባት እናት ናት፤ ሁለተኛ ለመግባት ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ ያልደረሰበት አያውቀውም።

እንግዲህ ጭንቁ ሁሉ የሚሰበሰበው በአንድ ነጥብ ላይ ነው። ጉልበቱ የታመመ ሰው ቀዶ ጥገናው ሁለት ዓመት ቢቆይበት ሁለት ዓመት ያነክሳል፤ በመጨረሻ ግን ይድናል። የሕፃን ጆሮ እንደዚህ አይጠብቅም፤ ለምን ቢሉ ጆሮው የሚያገለግለው አእምሮውን ነውና። የሕፃን አእምሮ ቋንቋን የሚቀበልበት ዘመን አለው፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ዓመታት ወለል ብሎ ይከፈታል፥ ከዚያ እየጠበበ ይሄዳል። ሳይሰማ የተወለደ ልጅ በስድስትና በሰባት ዓመቱ ቢተከልለት ድምፁ ይደርሰዋል፤ ንግግር ለማድረግ ግን እጅግ ይቸገራል። ማጅራት ገትር ላይ ደግሞ ሌላ የሚያጣድፍ ነገር ይጨመራል። ያ ቀንድ አውጣ መሳይ ክፍል ከበሽታው በኋላ በውስጡ አጥንት ማብቀል ሊጀምር ይችላል፤ አጥንቱ ከሞላው ኤሌክትሮዱ የሚገባበት ቀዳዳ ይጠፋል። ስለዚህ በሌላ አገር ያሉ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ሕፃን ከወረፋው ሁሉ አስቀድመው በሳምንታትና በጥቂት ወራት ውስጥ ሊተክሉለት ይጣደፋሉ። የወዳጄ ልጅ ከታመመች ሁለት ዓመት አልፏታል። የማመልከቻው ብድርም ለመሣሪያው መግዣ አይደለም፤ በሚያዝያ አዲስ አበባ ሄዳ ራሷን በሲቲ ስካን እንድትታይና ቀዳዳው ተዘግቶ እንደ ሆነ ወይም ገና ክፍት እንደ ሆነ እንዲታወቅ ነው።

ችግሩ የኛ ብቻ አይደለም። ሊባኖስ ከ2019 በፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ ገንዘቧ ሲወድቅ፥ በደኅናው ጊዜ የተተከለላቸው ልጆች ወላጆች ባትሪና መለዋወጫ ከውጭ በዶላር ማስመጣት ጨነቃቸው። ልብ በሉ፤ መሣሪያው በልጁ ራስ ውስጥ አለ፥ ደኅና ነው፤ ከውጭ ያለው ገመድ ሲበጠስ ግን ልጁ ወደ ጸጥታው ይመለሳል። አንድ ቃል ለምዶ ከዚያ ድምፁን መነጠቅ ከመጀመሪያው አለመስማት የሚቀል አይመስለኝም።

በሌላ በኩል ሐሳብ የምንዋስባቸው አገሮችም አሉ። ሕንድ የአካል ጉዳተኞችን ለመርዳት ባቋቋመችው የመንግሥት ፕሮግራም አማካይነት ለችግረኛ ሕፃናት መሣሪያውን በብዛት ትገዛለች፤ በብዛት ለሚገዛ ደግሞ ዋጋው ይቀንሳል። የዓባይ ጎረቤታችን ግብፅ በ2019 አዲስ የተወለዱ ሕፃናትን ጆሮ በመላ አገሪቱ መመርመር ጀመረች። ምርመራው ሕመም የለውም፤ በተኛው ሕፃን ጆሮ ውስጥ ትንሽ መሣሪያ ገብታ ድምፅ ትሰጥና የውስጠኛውን ጆሮ ምላሽ ትለካለች፥ የደቂቃዎች ሥራ ናት። ባለሙያዎች የሚያስቀምጡት ደንብ ልጁ በአንድ ወሩ እንዲመረመር፥ በሦስት ወሩ ነገሩ እንዲረጋገጥ፥ በስድስት ወሩ እርዳታ እንዲጀመርለት ነው። የአንድ ኢምፕላንት ዋጋ ብዙ የመመርመሪያ መሣሪያዎችን ይገዛል። በየሆስፒታሉ ማዋለጃ ክፍል አንዷ ብትቀመጥ፥ ከማጅራት ገትር የዳነም ሕፃን ሁሉ ጆሮው ሳይለካ ከሆስፒታል እንዳይወጣ ቢደረግ፥ ወዳጄ ከኅዳር እስከ ግንቦት ያጠፋው ጊዜ ባልጠፋ ነበር። ለመድኃኒት የውጭ ምንዛሪ ቅድሚያ ይሰጥ እንደ ነበረ ሁሉ ለፕሮሰሰርና ለባትሪም ቢሰጥ ብዬ አስባለሁ። የማኅበረሰብ ጤና መድኅናችን ለመነጽር እንኳ የማይከፍል ነውና ከርሱ ይህን አሁን መጠበቅ አይቻልም። ሕገ መንግሥቱ በ41ኛው አንቀጽ የአካል ጉዳተኞችን መርዳትን ለመንግሥት ሰጥቷል፤ ነገር ግን የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን የሚል ልጓም አለበት። አቅም ደግሞ በቀውስ ጊዜ ከሁሉ አስቀድማ የምትሸሽ ነገር ናት።

ባለፈው የገና ዕረፍት ከወዳጄ ጋር ወደ ጨንቻ ወጥቼ ነበር። ከአርባ ምንጭ ሙቀት ተነሥቶ ወደዚያ ብርድ ሲወጡ ዓባያና ጫሞ ከታች እንደ ሁለት መስተዋት ይታያሉ። ወላጆቹ ቤት በእንሰት የተከበበ ነው። አባቱ ሽማግሌ ሸማኔ ናቸው፤ ጉድጓዳቸው ውስጥ ገብተው መወርወሪያውን ሲወረውሩ እጃቸው አሁንም አይስትም። ጋሞ ነገሩን በዱቡሻ የሚጨርስ ሕዝብ ነው። ጠብ ቢሆን፥ ድንበር ቢሆን፥ እርጥብ ሣር ተይዞ በአደባባዩ ላይ በቃል ይጨረሳል። በ2011 ዓ.ም. መስከረም የአርባ ምንጭን ወጣቶች ከበቀል የመለሱት ሽማግሌዎች በዚያው ሣርና በዚያው ቃል እንደ ሆነ የማያስታውስ የለም። እንግዲህ ሁሉ ነገር በቃል በሚሠራበት አገር ቃል የሌላት ልጅ ምን ቦታ ይኖራታል? ይህን እያሰብሁ ሳለሁ ልጅቱን አየኋት። አያቷ ጥጥ እየፈተሉ ነበር፤ እርሷ ጉልበታቸው ሥር ተቀምጣ እንዝርቱን ትከተላለች። ክሩ ሲበጠስባቸው ቀድማ የምታየው እርሷ ናት፤ ክንዳቸውን ነካ አድርጋ ታሳያቸዋለች። አያቷ በጋሞኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ወዳጄ ሲተረጉምልኝ፥ «ዓይኗ ይሰማል» ማለታቸው ነው አለኝ።

እዚህ ላይ ከአንዳንድ ሰዎች ጋር የሚያጣላኝን ሐሳብ ልናገር። ወዳጄን በመጀመሪያ ያገኙት ሰዎች፥ ባለሙያ ነን የሚሉም ጭምር፥ «የምልክት ቋንቋ እንዳታስተምሯት፤ በእጅ ከለመደች አፏ ይሰንፋል፥ ኢምፕላንቱ ሲመጣ መናገር እምቢ ትላለች» ብለውት ነበር። እርሱም ታዛዥ ሰው ነውና ልጅቱ በእጇ ስታመለክት እጇን እየያዘ ዓመት ከመንፈቅ ጠበቀ። ይህ ምክር በየአገሩ ብዙ ልጆችን ጎድቷል። በእጅ የተማረ ቋንቋ አፍን አያስርም፤ አእምሮው አንድ ቋንቋ ካገኘ ሁለተኛውን የሚያሳርፍበት መሠረት ያገኛል። ኢምፕላንቱ ቢመጣ ልጅቱ ያላትን ቃል በድምፅ ትተረጉመዋለች። ባይመጣ ደግሞ ቃል አላት። ኢምፕላንቱን ብቻ ስትጠብቅ ብትቀር ግን ሁለቱንም ታጣለች፤ ያን ጊዜ ያ የአማርኛችን ክፉ ቃል በሁለት ትርጉሙ ይይዛታል። እኔ መሣሪያውን የምቃወም ሰው አይደለሁም። ነገ ገንዘቡ ቢገኝ ሻንጣዋን ተሸክሜ አዲስ አበባ ድረስ የምሸኛት እኔ ነኝ። ነገር ግን ዶላሩ እስኪረክስና ወረርሽኙ እስኪያልፍ ልጅ ያለ ቋንቋ አይቀመጥም።

የምልክት ቋንቋችንም ራሱን የቻለ ሙሉ ቋንቋ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በዲግሪ ደረጃ ያስተምረዋል። ከእኛ ብዙ በማይርቀው በሆሳዕና መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት አለ፤ በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የሚመራ ነው፥ ከዚያ ተምረው እስከ ዩኒቨርሲቲ የዘለቁ አሉ። በየከተማው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥም ልዩ ክፍሎች አሉ። የወዳጄ ልጅ ከመስከረም ጀምሮ ወደ አንዱ ትሄዳለች። ክፍሉ ጠባብ ነው፥ ስዕልና መጽሐፍ ያንሰዋል፤ መምህርቷ ግን ትጉህ ናት። ወላጆችም እንዲማሩ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠርታቸው ነበር፤ ከመጡት ውስጥ ወንዱ ወዳጄ ብቻ እንደ ነበረ ነገረኝ። ጣቶቹ ማኅተም በመምታት የደነደኑ ስለ ሆኑ ፊደሉ አስቸግሮታል።

ለአንባቢዬ፥ በተለይም ወላጅ ለሆናችሁና ታናናሽ ወንድምና እኅት ላላችሁ፥ ጥቂት ነገር ላክል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከሕፃናት የመስማት ችግር 60 ከመቶ የሚሆነውን መከላከል ይቻል ነበር። ማጅራት ገትር ከሚያመጡት ተሕዋስያን አንዱን የሚከላከል ክትባት ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን በነፃ ይሰጣል፤ ቀጠሮውን አትለፉ። ከጆሮው መግል የሚፈሰውን ልጅ ዘይትና ቅጠል እያንጠባጠባችሁ አታክሙት፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፥ ብዙ ጆሮ የሚጠፋው በዚህ ነው። ጄንታማይሲን የሚባለው መርፌ ነፍስ የሚያድን መድኃኒት ሲሆን መጠኑ ካለፈ ወይም ከረዘመ ጆሮ ይጎዳልና ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወጋ። ሕፃን በከባድ ድምፅ ካልደነገጠ፥ በስድስት ወሩ ወደ ድምፅ ካልዞረ፥ በዓመቱ አንድ ቃል ካልወጣው፥ «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረ» በሚል ተረት አትታለሉ። ስትፈትኑትም ከበስተኋላው ሆናችሁ አድርጉት፤ ጭብጨባችሁን ዓይኑ ወይም በፊቱ የሚነፍሰው አየር እንዳይነግረው።

ወደ ማመልከቻው ልመለስ። «ደንቆሮ ስለ ሆነችብኝ» የሚለውን ሰርዤ «መስማት ስለ ተሳናት» ብዬ ጻፍሁ። ወዳጄ ተመለከተውና፥ «አለቃዬ ይህን አጻጻፍ ይረዳዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ይረዳዋል አልሁት። ከዚያ «ብኝ» የምትለዋ ቃል መውጣቷን አስተዋለና ጥቂት ዝም አለ፤ አልተቃወመም።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጅቱ ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀምጣ በቀይ እርሳሴ የተማሪዎቼን ደብተር ስታርም ቆይታ ነበር። ሻይ አፍልቼ ለሁላችንም ቀዳሁ። አንድ ጊዜ ፉት አለችና ብርጭቆውን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች፤ ጣቶቿን በፍጥነት አንቀሳቀሰች፥ ፊቷንም ቋጠር አደረገች። እኔ አልገባኝም። ወደ አባቷ ዞሬ ምን እንዳለች ጠየቅሁት።

«ስኳር በዝቶበታል ነው የምትልህ» አለኝ።